በእትዬ በለጡ ማሳ የበሰበሰው ዘር

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ብርዱ ጣት ይቆረጥማል፤ እኔ ግን በንዴት እየነደድኩ ነው። ሥራዬ ዘር መመርመር ነው። ባለፈው ክረምት በጊሼ አንድ ቀበሌ የታደለው የገብስ ዘር ሳይበቅል ሲቀር፣ እንድናጣራ ከታዘዝነው አንዱ ነበርኩ። ጭቃውን ፈርተን ማሳውን ሳናይ፣ “ገበሬዎቹ አጥልቀው ቀብረውት ነው” የሚል ቃለ ጉባኤ ጻፍን። እኔም ፈረምኩ። በዚያ ወረቀት ዘጠኝ ቤተሰብ ከዘንድሮው የዘር ዝርዝር ተሰረዘ።

5 ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ጣርማበርን በጉም ውስጥ አለፍን። ሹፌሩ መንገዱን ሲራገም መጥቶ ጎማ ሊያስነፋ ወረደ። ቀዝቃዛ ሽሮ በልቼ፣ ወደ ራቤል የሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጠጋግቼ ተሳፈርኩ።

8 ሰዓት፣ ከራቤል ወዲህ

እትዬ በለጡ ዶማ ይዘው ማሳቸው ዳር ቆመዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ናቸው የሚያሳርሱት። ከተሰረዙት ዘጠኝ ቤተሰቦች፣ የተረፈ ዘር በጨርቅ ቋጥረው እኔ ድረስ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አብረን ሦስት የወንፊት ጨርቅ ከረጢት በእኩል ጥልቀት ቀብረን ነበር። አንዱ የታደለውን ዘር እንዳለ ይዟል፣ ሁለተኛው ያንኑ ዘር ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ተቀብቶ፣ ሦስተኛው የእሳቸውን የጎተራ ገብስ።

ቆፈርን። የመጀመሪያው ነጭ ድር የመሰለ ሻጋታ ወርሶታል፤ ስነካው ፈረጠ፣ ሸተተ። ሌሎቹ ሁለቱ በቅለዋል።

ፈንገሱ በየትኛውም እርጥብ አፈር እንዳለ፣ ጤነኛ ዘር ግን ቀድሞት እንደሚበቅል አስረዳኋቸው። መጋዘን ውስጥ ዝናብ የመታው ዘር አቅም የለውም፤ መድኃኒት ካልጠበቀው ሳያቆጠቁጥ ፈንገሱ ይበላዋል። የመጋዘኑ ጣሪያ እንደሚያፈስ ደግሞ አገር ያውቃል።

“ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?” አሉኝ።

“ምንም አላጠፉም። ያጠፋነው እኛ ነን።”

“ለእኔ ብትነግረኝ ምን ያደርጋል? የፈረምከው ወረቀት ላይ አይደል? ሄደህ እዚያው ተናገር።”

ፊቴን የት ላድርገው?

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ራቤል፣ የወረዳው ግብርና ቢሮ

ኃላፊው ጉዳዩ የተዘጋ ነው አለኝ። የበሰበሰውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና ሳቀ።

“እርስዎም ፈርመዋል እኮ” አለኝ።

ደሜን ያፈላው ሳቁ ነው። “አዎ፣ የመጣሁት ፊርማዬን ልሽር ነው” አልኩት። እዚያው ጻፍኩ። ማኅተም ተመትቶበት ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ ወንበሩን አልለቅም ብዬ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ዘጠኙ ስም ይመለሳል ተባለ፣ ለከርሞ። ለዘንድሮ አልፏል። የመዝሪያው ጊዜ ግን ከርሞን አይጠብቅም።

ማታ 1 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ከመኪና እንደወረድኩ ለእትዬ በለጡ ደወልኩ። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኛል። ጨርሼ ሳልናገር አቋረጡኝ። ትናንት እኔ እንደሄድኩ ጎተራቸውን ከፍተው ዘራቸውን አብረዋቸው ለተሰረዙት ስምንት ጎረቤቶቻቸው አካፍለዋል፤ ዛሬ ሲዘሩ ውለዋል።

“እኛስ ዘራን” አሉኝ። “እናንተ ለከርሞ ዘር ከማምጣታችሁ በፊት የመጋዘኑን ጣሪያ ድፈኑት።”