የዘገየው ማንቂያ

ዶኛ ኩካ ባለአራት ፎቁን ሕንጻ ባዶ ለማድረግ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ይበቃታል። ይህን የምታውቀው በግምት ሳይሆን በሰዓት ለክታ ነው። በሜክሲኮ ከተማ፣ ኦብሬራ ሰፈር፣ የሕንጻው ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚያመልጡ ነዋሪዎቹን የምታሠለጥነውም እሷው ናት። ማንም አልሾማትም፤ ማንም ሊሽራት አልደፈረም።

የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ1985 ሴፕቴምበር 19፣ ታላቅ እህቷ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ በመሬት መንቀጥቀጥ ተደረመሰ። የእህቷ አስከሬን በአሥራ አንደኛው ቀን በሩ አጠገብ ተገኘ። ኩካ ስለ እህቷ ስትጠየቅ «ሦስት ሜትር ነበር የቀራት» ትላለች። ሌላ አትጨምርም።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በየመንገዱ ድምፅ ማጉያ ተከለች። የመሬት ነውጥ ከሩቅ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ሲነሳ ማንቂያው ቀድሞ ይጮኻል፤ ነውጡ ከተማዋ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይተርፋል። የኩካ ዕቅድ ሁሉ የቆመው በዚህች ደቂቃ ላይ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግሯት የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ዶን ፌርሚን ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስኳር በሽታ ሁለት እግራቸውን ወስዶባቸዋል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንበር ላይ ታስረው፣ ኩካና ጎረቤቷ ቁልፍ ቀራጩ ቶሪቢዮ ተሸክመዋቸው ነው የሚወርዱት።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 19 ከተማው በሙሉ ይለማመዳል። በ2017ም ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ማንቂያው ጮኸ፤ ሁለቱም ወንበሩን አነሱ።

«ቀስ በሉ! እንቁላል ነው የያዛችሁት!» አሉ ዶን ፌርሚን።

«እንቁላል እንኳ አፍ የለውም» አለ ቶሪቢዮ እያለከለከ።

«ትንፋሽ አታባክኑ!» አለች ኩካ። መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰዓቷን አየች። «ሃምሳ ሁለት! አምና ሃምሳ ሰባት ነበር።»

«እኔ ከስቼ ነው እንጂ አንቺ በርትተሽ መሰለሽ? አይ የኔ ጄኔራል!»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌውን መልሰው ወደ ላይ ወሰዷቸው።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ገደማ ኩካ የቀሚስ ሽንሽን የስፌት መኪናው ላይ አስገብታ ነበር። ወለሉ ከሥር ተመታ። እንደ ሁልጊዜው ከጎን ወደ ጎን አላወዛወዘም፤ ወደ ላይ ነው ያነጠራት። ከባድ መኪና ያለፈ መሰላት። ቀና ብላ በመስኮቱ ምሰሶው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ አየች። ዝም ብሏል። ማንቂያው ካልጮኸ ነውጥ የለም፤ ስለዚህ ጠበቀች።

ከዚያ ያለውን አታስታውስም።

ስትነቃ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ አቅፋለች። ያልተሰፋ ቀሚስ በእጇ ጨብጣለች። ሕንጻው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መስታወት ይረግፋል። ማንቂያው መጮህ የጀመረው ይኼኔ ነው። ነውጡ የተነሳው ከቅርብ ስለነበር ከማንቂያው ቀድሞ ገብቷል።

ከውስጥ እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በሩም አቧራ ተፋ። ቶሪቢዮ ከአቧራው ውስጥ ዱቄት መስሎ ወጣ።

«ከሦስተኛው በላይ ደረጃ የለም» አለ። «ዓይኔ እያየ ተናደ።»

«ዶን ፌርሚንስ?»

ቶሪቢዮ አፈጠጠባት። «አብረሻቸው ያለሽ መስሎኝ!»

ኩካ ቀና ብላ የአራተኛውን ፎቅ መስኮት አየች። ሰው ሁሉ ይጮኻል። አንድ የማታውቀው ሰው ጡጫውን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ሌሎቹም እያዩ አነሱ፤ መንገዱ ጸጥ አለ። እንዲህ ሲደረግ ከፍርስራሽ የሚመጣ ድምፅ ይደመጣል።

«ተጣሪ» አላት ቶሪቢዮ በሹክሹክታ።

«ዶን ፌርሚን!»

ምንም የለም። ደግማ ጠራች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሳል፣ ቀጥሎም ስድብ።

ወጣቶች ከጎረቤቱ ጣሪያ መሰላል ዘረጉ። ሽማግሌው በተነቀለ በር ላይ ታስረው በገመድ ሲወርዱ፣ ከነውጡ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ቅንድባቸው በኖራ ነጥቷል። ኩካ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ሮጥኩ» አለች። «ማንቂያው ሳይጮህ ነው የሮጥኩት። ስለ እርስዎ አላሰብኩም። ስሜን እንኳ አላሰብኩም።»

ዶን ፌርሚን ዓይናቸውን ከፍተው አዩዋት።

«እንኳን ሮጥሽ» አሉ። «ብትመጪ ደረጃው ላይ ነበርሽ።»

ኩካ ጊዜውን በልቧ ለካችው። ወጥታ፣ ወንበሩን ከቶሪቢዮ ጋር አንስታ፣ ሳይሳሳቱ፣ ቆንጆ አድርገው ቢወርዱ፣ ደረጃው ሲወድቅ ሦስቱም እላዩ ላይ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስታሠለጥን የኖረችው በዚያ ደረጃ እንዲወርድ ነበር። መንጋጋዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች።

አንድ ሐኪም የሽማግሌውን ግንባር ሊያጥብ ጎንበስ አለ። እጁን ገፉት።

«እኔን ተወኝ» አሉ። «እሷን ያዛት።»