ጥርባ ብላችሁ ለምታውቋት ልጄ

ማክሰኞ ገና ሲነጋ ሦስት ጎረቤቶች አንድ ላይ ሲመጡ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ለመርዶ እንደመጡ ፊታቸው ይናገራል። እኔ ግን አላመንኩም። ማስተዋል ሰኞ ከሰዓት ከዳንግላ ደውላልኛለች፤ የማተሚያ ቀለምና ወረቀት ገዝታ አክስቷ ቤት እንደምታድር ነግራኛለች። "የማንን ልጅ መርዶ ነው የምትነግሩኝ?" አልኳቸው።

ለካ ሐሳቧን ቀይራ በመጨረሻው ሚኒባስ ተሳፍራ ኖሯል። መኪናው ተገለበጠ። ቤታችን ቆሰበር ሳትደርስ ቀረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

እናቷ ነኝ። በሷ ገጽ ላይ የምጽፈው ፊደል እየፈለግሁ ነው። ዛሬ ሰልስቷን አወጣን። ዘመድ ወዳጅ ሰምቶ ቀብሯታል፤ ያልሰማችሁት በኮምፒውተር ጨዋታው ብቻ የምታውቋት እናንተ ናችሁ።

ልጄ ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ የሰው ማመልከቻና ውል ትተይብ ነበር። ጨዋታውን እዚያው የሥራ ኮምፒውተሯ ላይ ለመጫን ቫይረስ ፈራች። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን ሠራች። እኔ አልገባኝ ሲል፣ "እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ በይው። ጨዋታው እዛ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል፤ ቢታመምም የሰው ወረቀት አይነካም" አለችኝ።

ያቺን የውስጠኛዋን ማሽን በየጊዜው እንዳለች ቀድታ ታስቀምጣታለች። ስትበላሽባት አትደነግጥም። "ወደ ትናንት እመልሳታለሁ" ትላለች። በኋላ ለሁሉም ነገር የምትለው እሱን ሆነ። አንድ ቀን ወጥ አርሮብኝ ስናደድ ድስቱን አየት አድርጋ፣ "ይሄንንም ወደ ትናንት እንመልሰው?" ብላ አሳቀችኝ።

አንዳንዴ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። ጨዋታው ውስጥ እሷ ፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። ኮርቻው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ የፈረሱ ጀርባ ይላጣል አልኳት። ለጨዋታው ሠሪዎች እናቴ እንዲህ ብላለች ብዬ እጽፍላቸዋለሁ አለችኝ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበርኩም። ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እዚያው ተቀምጣ አገኘኋት። እየተጫወተች እንኳ አልነበረም። ጨዋታው አዲስ ነገር ሲያወርድ ቁጥሩን ታያለች። "ያለ ባል ያለ ልጅ እዚህ ወንበር ላይ ታረጃለሽ" አልኳት። 

ሰኞ ስትደውል ያንን አላነሳችም። "እማዬ፣ ማውረዱ ስድስተኛ ቀኑን ይዟል። አደራ እንዳታጠፊው" አለችኝ። ከአክስቷ ቤት የተነሳችውም፣ እማዬ አኩርፌ የቀረሁ ይመስላታል ብላ ነው አሉ።

መርዶው እንደተነገረኝ ጎረቤቶቹ ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን የፊት ክፍሉን ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ኮምፒውተሩን ሊነቅል ሲጎነበስ ሶኬቱ ላይ ተደፋሁበት። "አደራዋን አትንኩብኝ" አልኩ። ሐዘን ያዞረኝ መስሏቸው ተያዩ። በመጨረሻ ነጠላ አልብሰው ተዉልኝ። ሦስቱንም ቀን መብራት አልሄደም። ሰው ሲያለቅስ እሱ ከነጠላው ስር ይበራል። ዝም ሲባል ማራገቢያው ሲያጉረመርም እሰማለሁ።

ዛሬ ሰው ሲበተን አብራት የምትተይበው ሰላም ከፈተችልኝ። አውርዶ ጨርሷል። ያቺ ሴት ፈረሷን ይዛ ውሃ ዳር ቆማለች። ከስር የናንተ መልእክት ተደርድሯል። ጥርባ የት ጠፋሽ ይላል። ጥርባ እየጠበቅንሽ ነው ይላል። ስሟን ከሐይቃችን እንደወሰደች ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ሰላም፣ ልጄ ያስቀመጠቻቸውን ትናንቶች አሳየችኝ። ለእያንዳንዱ ስም አውጥታለታለች። አንዱ "መብራት ሳይጠፋ" ይላል። ሌላው "ዝናቡ ሳይመጣ" ይላል። የመጨረሻው የእሑድ ነው። "እማዬ ሳትቆጣ" ይላል።



"እማማ፣ ከፈለጉ ወደዚህ እመልሰዋለሁ፤ ከእሑድ ወዲህ ያወረደው ግን ይጠፋል" አለችኝ ሰላም።

"ተይው" አልኳት። "እኔን አይመልሰኝም። እሷ አደራ ያለችው ይቆይ።"

ሰላም የልጄን ገጽ በስልኳ ከፈተችልኝና ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ዘጋችው። ማራገቢያው ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልቀረም።

ልጆቼ፣ ፊታችሁን አላውቀውም። ከእንግዲህ አትጠብቋት። እናንተ ጥርባ የምትሏት በቤታችን ማስተዋል ነበረች። ለጸሎት ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።

ማስተዋሌ፣ ማውረዱ አልቋል። አላጠፋሁትም። እሑድ ያልኩሽን ይቅር በይኝ። እንዳላኮረፍሽ አውቄያለሁ፤ ምነው እዛው ባደርሽ። ደህና ሁኚ ልጄ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በየእምነታችሁ፣ ወለተ ሥላሴ ብላችሁ ነፍሷን አስቡልኝ።