የጎረቤት በሬ ሲደመር

በአንደኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች አልወዳቸውም። አንዱ ተነሥቶ ሰባት ብርቱካን ይገዛል፤ ለማን እንደሆነ አይናገርም። ሌላው መጥቶ አምስት ይጨምርለታል፤ ምኑ እንደሆነ አይታወቅም። አይመሰጋገኑም፣ አይጣሉም፣ አንድም ብርቱካን አይበሰብስባቸውም። መጥፎ ልብ ወለድ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ባዶ የሆነ ገጸ ባሕርይ ግን አላጋጠመኝም። ትምህርት ቤቶች ይህን ነገር «የቃላት ፕሮብሌም» ይሉታል። ፕሮብሌም መሆኑን እኔም አልክድም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ይህንኑ ማስተማር በእኔ ላይ ወደቀ።

ወረታ ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው የምኖረው። ልጇ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ ያርሳል። ክረምት ሜዳው ላይ የሚተኛው ውሃ ቶሎ ስለማይለቅና የትምህርት ቤቱን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ሴት ልጁን እኛ ዘንድ አስቀምጦ አንደኛ ክፍል አስገባት። ግንቦት ላይ ለገበያ ሲመጣ ትምህርቱ እንደከበዳት ሰማና በሩ ላይ እንደቆመ ቁርጡን ተናገረ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ተዛወረች ተዛወረች። ካልተዛወረች ይዣት እሄዳለሁ። እንደገና አንደኛ ክፍል ተምትቀመጥ እናቷን ታግዝ። ትምህርቱን ጠና ስትል ትደርስበታለች።»

ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን «ትደርስበታለች» ተብለው የቀሩ ሴቶች በሜዳው ሞልተዋል፤ አንዷ የልጅቷ እናት ናት።

የሚገርመው፣ ልጅቷ ቁጥሩን ታውቀዋለች። አምስት ሲደመር አራት ሲሏት ጣቷን እንኳ ሳታይ ዘጠኝ ትላለች። ነገሩ የሚበላሸው ታሪክ ሲገባበት ነው፤ ፈተናው ደግሞ አብዛኛው ታሪክ ነው። ብርቱካኑን ትቼ በምታውቀው ልጀምር ብዬ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት።

«አንድ ገበሬ ሦስት ላሞች አሉት። ጎረቤቱ ሁለት ላሞች አሉት። በጠቅላላው ስንት ላሞች አሏቸው?»

«ሦስትና ሁለት።»

«እሱንማ እኔው ነገርኩሽ። ሲደመርስ?»

«ጎረቤቱ ሸጠለት?»

«አልሸጠለትም።»

«ታዲያ እንዴት ይደመራል? የሰው ነው እኮ!»

እኅቴ ከውስጥ ሳቀች። «ዕድሜህን ሙሉ መጽሐፍ ስትገልጥ ኖረህ በአምስት ላም ተረታህ?»

እልህ ያዘኝና ላሙን በበሬ ለወጥኩት። «አንድ ገበሬ አንድ በሬ አለው። ጎረቤቱም አንድ በሬ አለው። ስንት ሆነ?»

ይህን ወደደችው። «መቀናጆ ናቸው?» አለች። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ሲያርሱ ነው መቀናጆ የሚባለው።

«ይሁኑ» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ጥማድ።»

አንድ ሲደመር አንድ፣ አንድ። እርሻ ላይ ማንም አይሞግታትም፤ በአንድ ቀንበር የገቡ ሁለት በሬዎች አንድ ጥማድ ናቸው። ፈተና ወረቀት ላይ ግን ኤክስ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። የሄድኩት ለመጣላት ነው። መጽሐፉ ገበሬ አይቶ እንደማያውቅ፣ ልጅቷ ከአዘጋጆቹ የተሻለ እንደምታስብ የሚያስረዳ ንግግር ባጃጅ ውስጥ ስለማመድ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ። መምህርቷ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ጠመኔ የነካው እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እስክጨርስ አዳመጠችኝ። እስክጨርስ የሚያዳምጠኝ ሰው ብዙ የለም።

«ልክ ነዎት» አለችኝ። «ግን ሰኔ ላይ የሚፈተኑት እርስዎ አይደሉም።»

ከዚያ ልጅቷን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ የኔ እመቤት። የጎረቤታችሁ በረት ውሃ ገባበት እንበል። ሁለቱ ላሞቹ ዛሬ እናንተ በረት ያድራሉ። የእናንተ ደግሞ ሦስት አሉ። በረቱ ውስጥ ስንት ላም አደረ?»

ልጅቷ ጠየቀቻት። «ጠዋት ይመለሱለታል?»

«ይመለሱለታል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ከነወተታቸው።»

«አምስት!»

«በጠቅላላው ማለት እሱ ነው። አንድ በረት ሲያድሩ። ማንም የማንንም አይወስድም።»

እኔ ልጅቷን ላስተምራት ስታገል ጎረቤትየውን ልዘርፈው የመጣሁ መስያት ነበር። መደመሩ አልከበዳትም፤ የከበዳት የሰው ንብረት ነው። መምህርቷን ይህን ለማየት የእኔ ንግግር አላስፈለጋትም። ሌሎች ተማሪዎች ከኋላዋ እየተራገጡ፣ አንዱ «ቲቸር፣ እርሳሴን!» እያለ እየጮኸባት፣ የልጅቷን ጥያቄ ሰምታ መለሰችላት። ከብዙ የተማሩ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ተከራክሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ከአንዳቸውም አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን በረት ያላደረ ነገር የለም። ብርቱካኑም አደረ፣ ደብተሩም አደረ። አንድ ቀን ልጅቷ ስድስት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት በረት ብታስገባ እኅቴ «ኧረ በስመ አብ! እነሱን እንኳ ቤተ ክርስቲያን አሳድሪያቸው» ብላ ተቆጣቻት። ዘጠኝ መሆናቸውን ግን ማንም አልካደም።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን አባትየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጭቃው እግሩ ላይ ሳይደርቅ ትምህርት ቤቱ መጣ። ካርዱን ገልብጦ ካየው በኋላ ለልጁ ሰጣት።

«ምን ይላል?»

«ወደ ሁለተኛ ክፍል ተዛውራለች ይላል።»

«አንብበሽው ነው ወይስ ተመኝተሽ?»

«አንብቤው ነው አባዬ! ይኸው፣ ተ፣ ዛ፣ ው፣ ራ...»

እኔ በወላጆች መካከል እየተጋፋሁ መምህርቷን ፈለግኳት። ሳገኛት የወጣልኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነበር። እሷም «አሜን» ብላ የሌላ ልጅ ካርድ ወደመፈለጓ ተመለሰች። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አመስግኜ ቃል ሲያጥረኝ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ የምጽፈውም ያኔ ያላልኩትን ነው።

ቤት ስንደርስ እኅቴ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ማሰር ጀመረች፤ ክረምቱን እናቷ ጋር ልትከርም ነው። ብርድ ልብሷንም ልትጠቀልል ስትል አባትየው እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«እሱ እዚሁ ይሁን፣ እማዬ» አለ። «መስከረም ትመለስ የለም እንዴ።»