ማሽን አይጸልይም

ካፌው ውስጥ ሶኬቱ አጠገብ ያለችው ወንበር የእሱ ናት። ተቀጥሮ አይሠራም፤ ፕሮግራም እየጻፈ ለጠየቀው ሁሉ ያስረክባል። ስልኩን "ሰላዩ" ይለዋል፤ የኮምፒውተሩን ካሜራ በቁስል ፕላስተር አሽጎታል። ቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር "እህቴ፣ ይህን ጯሂ ዝጊልኝ" ይላል። አስተናጋጇ ንጭንጩን ለምዳዋለች። "ከአንድ አለቃ አመለጥኩ ብዬ ደንበኛው ሁሉ አለቃ ሆነብኝ" ሲላት ስቃ ታልፋለች።

ዛሬ ግን ስልክ ላይ ደሙ ፈልቷል። ምእመናን ጭንቀታቸውን የሚልኩበት መተግበሪያ እሱን የሚያሠሩት የጸሎት ቤት ኃላፊ፣ መልእክት በገባ ቁጥር ማሽኑ ወዲያው "ጸልየንልዎታል" ብሎ እንዲመልስ ይፈልጋሉ።

"ማንም ሳያነበው? ማሽን አይጸልይም፣ ጌታዬ። የማላምነው እኔ እንኳ አፈርኩ" ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘጋባቸው።

አስተናጋጇ ሻዩን ስታስቀምጥ ስክሪኑ ላይ ከአንድ ምእመን የገባውን መልእክት ሳታስበው አነበበችው፦ "ልጄ ነገ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። አደራችሁን።"

ስኳር ይዛ ስትመለስ አንገቱን ደፍቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀና ሲል አያት።

"ምን ታያለሽ? ፕሮግራሙን እየፈተሽኩ ነው" ብሎ አፈጠጠባት።

ኮምፒውተሩ ተከድኗል።