ከመደቡ እስከ በሩ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ለሰው መናገር ስጀምር የብስክሌት ጥገና ወሬ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ መሃል ላይ እተወዋለሁ። እኔ ግን ማታ ማታ ወደ ቤት በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ አስተማሪ ነበር። የሚመላለሰው ከፊት ጎማዋ በላይ ሞላ ባላት ማውንቴን ብስክሌት ነው። ጓደኞቹ ሚኒባስ ሲጋፉ እሱ «እኔ የራሴ መኪና አለኝ» እያለ ያበሽቃቸው ነበር። በአጭር ሕመም ሲለየን ሠላሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም። አላህ ይርሐመው።

ብስክሌቷ ለእኔ ተረፈች። ቤታችን ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ከግንቡ ውጭ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የብስክሌቷ ሞላ ገና በነስሩ ጊዜ ያረጀ ነበር። በሰፈራችን ድንጋይ ላይ ስትሄድ «ቋ፣ ቋ» ትል ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙም ግንብ ስለሆነ ድምፁ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው መደባቸው ላይ ነው የሚውሉት። ሌላ ሰው በር ሲያንኳኳ እህቴን ይልካሉ። የነስሩን ብስክሌት ሲሰሙ ግን ራሳቸው ተነስተው ይከፍቱለት ነበር። የግቢያችን በር ከባድ ነው፤ ብስክሌት ይዞ መግፋት ያስቸግራል።

እኔ በብስክሌቷ መመላለስ ስጀምርም መነሳታቸውን አልተዉም። ኩርባው ጋ ስደርስ ይሰሙኛል። በሩን ሲከፍቱት ፊታቸው ላይ አንድ ብርሃን አለ። ከዚያ እኔን ያያሉ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

ዞር ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። በየቀኑ እንዲሁ ነው። እኔም በየቀኑ የወንድሜን ሞት እንደ አዲስ የማረዳቸው ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ብስክሌቷን ሸዋ በር አካባቢ ወደሚሠራ ጠጋኝ ወሰድኳት። ገልበጥ አድርጎ አያትና የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ አሳየኝ። ሞላው ዝጓል፣ ሹካውም አናቱ ላይ ተሰንጥቋል።

«ቁልቁለት ላይ ቢሰበርብህ ጥርስህን ከመሬት ነው የምትለቅመው» አለኝ። «ሞላ የሌለው ደረቅ ሹካ ልግጠምልህ። ክንድህን ያደክምሃል እንጂ አይጥልህም።»

እውነቱን ለመናገር ስንጥቁ አላሳሰበኝም። እኔ የፈለግኩት ድምፁ እንዲጠፋ ነበር። ደረቁን ሹካ ገጠመልኝ፣ አሮጌውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ የድንጋዩ ጉብታ ሁሉ እስከ ትከሻዬ እየተሰማኝ ነበር። ብስክሌቷ ግን ድምፅ የላትም። በሩን እንደምንም በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። አባ መደባቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል።

«ዛሬ አልሰማሁህም» አሉኝ።

ሹካውን እንዳስቀየርኩ ነገርኳቸው። «ስገባ እሱ እየመሰለዎት እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።



«አልተሳሳትኩም እኮ ልጄ» አሉ። «በእጄ የቀበርኩትን ልጅ እረሳለሁ? አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ግን ከዚህ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ፣ እሱ ነው እላለሁ። እስክደርስ ብቻ።»

ከመደቡ እስከ በሩ ሩቅ አይደለም። ለእሳቸው ጉልበት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ የእሳቸውና የነስሩ ነበር። እኔ ላሳርፋቸው ብዬ እሱኑ ወሰድኩባቸው። የምገባበት ጠፋኝ።

«ነገ አስመልሰዋለሁ» ብዬ ፌስታሉን ፈታሁት።

አሮጌውን ሹካ ተቀብለው ጨርቅ እንደሚመርጡ ሁሉ በጣታቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው ያላየውን ስንጥቅ ጣታቸው አገኘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሰንጥቆ ነው።»

«አንተ እየሄድክበት ሊሰበር ይችል ነበር?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መዋሸት ፈልጌ አላውቅም።

«አዎ አባ።»

ሹካውን በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉት። «ተወው በቃ» አሉ። «ሁለተኛ መቅበር አልችልም።» ከዚያ ጥቅልሉን ከመደቡ ስር አስገቡት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

አሁን ኩርባው ጋ ስደርስ «አባ» ብዬ እጣራለሁ። ነስሩ ተጣርቶ አያውቅም ነበር። በሩን በትከሻዬ መግፋት እንደምችል አውቃለሁ፣ ግን አልገፋውም። ብስክሌቷን ይዤ ቆሜ እግራቸው ሲጎተት እሰማለሁ። ከበፊቱ በጣም ይቆያሉ።

በሩ ሲከፈት ያ ብርሃን ፊታቸው ላይ የለም። ለእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ይናፍቀኛል። «አንተ ነህ?» ማለትም ትተዋል። ገና ከመደባቸው ሲነሱ እኔ መሆኔን ያውቃሉ፤ እያወቁም ይነሳሉ።