ስሜ የታተመበት ቦርሳ

ባለፈው ቅዳሜ አምስተርዳም፣ ትራም ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሆላንዳዊት ሴትዮ የጨርቅ ቦርሳ ላይ ስሜን አየሁት...

ስሜ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሥራዬ ጭምር ነው። ከላይ በትልልቁ «ፍቅር»፣ ከሥሩ አነስ ብሎ «ትዕግሥት»። ስቀርጽ ቢላዋ አምልጦኝ የ«ቅ» እግር ላይ የቀረችው ስንጥቅ እንኳ ሳትቀር አለች።

ለማታውቁኝ... የምኖረው ፊደል እየቀረጽኩ ነው። ሊኖ የሚባል ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ፊደሉን ገልብጬ እቀርጻለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ወረቀት ላይ አትማለሁ። ለዚህ ብዬ ነው ሮተርዳም የነበረኝን የቢሮ ሥራ የተውኩት። «ማስተርስ ይዘሽ ፊደል ትቆራርጫለሽ?» ያላለኝ ዘመድ የለም። አሠሪ የለኝ፣ ሱቅ የለኝ፤ ሥራዬን የወደደ ሰው ፈልጎ የሚያገኘኝ በስሜ ብቻ ነው። ያቺን «ፍቅር» እስክጨርስ ሦስት ሰሌዳ አበላሽቻለሁ። ቦርሳ ላይ ግን በሕይወቴ አትሜ አላውቅም።

ሴትዮዋን ከየት እንደገዛችው ጠየቅኳት። ዳፐርማርክት ከሚባለው ገበያ፣ ከአንድ ደግ ሽማግሌ፣ አለችኝ። ሳልጠይቃት ትርጉሙንም ጨመረችልኝ። ፍቅር ማለት ትዕግሥት ነው የሚል የጥንት የሐበሻ ጥቅስ ነው አለች።

የገዛ ፊርማዬን ለእኔው ተረጎመችልኝ። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድኩ።

ገበያው ውስጥ ሰውየውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቦርሳዎቼ ከካልሲና ከስልክ ልባስ ጎን ተሰቅለው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። መንገዱን ሙሉ የማወርደውን ስድብ በደች ሳሰናዳ ነው የመጣሁት። ሰውየው ግን ገና ከሩቅ አይተውኝ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ» አሉኝ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው የለመዱት፤ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ይመስላል። የደች ስድቤ በሙሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

በ«እርስዎ» ተቆጥታችሁ ታውቃላችሁ? አይወጣም። «ሌባ ነህ» ልትል የመጣች ሴት «ሌባ ነዎት» ስትል እጅ የነሳች ነው የምትመስለው። ቢሆንም አልኳቸው።

አልተቆጡም። ከጽዳት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት መዋል እንዳስጠላቸው፣ ሥዕሉ በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ እንደደረሳቸው፣ ስኪዳም ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ወስደው እንዳሳተሙት ነገሩኝ። ባለቤት ይኖረዋል ብለው አላሰቡም። ባለቤት ያለው ሥራ ስም ይጻፍበታል፣ አሉ።

«ተጽፎበታል እኮ።»

«የቱ ጋ?»

ጣቴን ከ«ፍቅር» ሥር አሳረፍኩት። አነበቡት። ከዚያ በአባት ድምፅ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «ልክ ነሽ ጓለይ፣ አንቺም ትንሽ ትዕግሥት ይኑርሽ» አሉኝ።

«ትዕግሥት እኔ ነኝ።»

ይቺን ግን ጮክ ብያት ነበር፤ ጎረቤት ያለው ዓሣ ሻጭ ዞሮ አየን።

መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ፈልገው አጠለቁ። በላቲን የተጻፈውን ስሜን ፊደል በፊደል አነበቡ፣ ቦርሳውን አዩ፣ ተመልሰው መታወቂያውን አዩ... ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ለቤተ ክርስቲያናችን ቄስም አንድ ሰጥቻቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለፈው እሑድ ሰብከውበታል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ንዴቴን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ሰው ፊርማዬን ጥቅስ እያለ ሲገዛ፣ እኔ ከገዛ ሥራዬ ላይ ተፍቄ ጠፋሁ ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ አያስቅም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ሰጠኋቸው፤ ወይ ቦርሳው ይወርዳል፣ ወይ የሠራችው እኔ መሆኔ ለእያንዳንዱ ገዢ ይነገራል።

መልስ ሳይሰጡኝ አንዲት ወጣት መጥታ ቦርሳውን አነሳች፤ ምን እንደሚል በደች ጠየቀች። ሽማግሌው ለመተርጎም አፋቸውን ከፈቱ... ዘጉት። በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ነገርኳት። የላይኛው ፍቅር ነው፣ የታችኛው የእኔ ስም ነው፣ ፊደሉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስምሽስ ትርጉም አለው? አለችኝ። አለው፣ ትዕግሥት ማለት ነው፣ አልኳት።

ልጅቷ ቅድም ስጮህ ሰምታለች መሰለኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አንቺ?» አለች።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ። እኔም ከዚያ በላይ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ልጅቷ ገዝታ ስትሄድ ሰውየው የቀሩትን ቦርሳዎች አንድ በአንድ አውርደው አጠፏቸው። እኔ እሺ እስክል ዳግም እንደማይሰቅሏቸው ነገሩኝ። ለክርክር የመጣ ሰው እንዲህ ሲደረግለት መግቢያው ይጠፋዋል። የሠራችው ማን እንደሆነች ካርቶን ላይ በአማርኛና በደች ጽፌ አቆምኩና መልሰው እንዲሰቅሉ ነገርኳቸው። የሚቀጥለውን እኔው እንደማትም፣ እሳቸው እንደሚሸጡ ተስማማን።

በመጨረሻ ካርቶኑን አነበቡና ቅር አላቸው። እንደሳቸው የሚሳሳት እንዳይኖር የአባቴም ስም ይግባበት አሉ።

«አባትሽ ማን ይባላሉ?»

«በላቸው።»

ለራሳቸው ደገሙት። «ትዕግሥት በላቸው...» ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ቢሆንማ እኔም አልነካውም ነበር።»

ከእንግዲህ በሙሉ ስሜ ነው የምፈርመው... መስረቅ የፈለገ መጀመሪያ ያንብብ።