ፓራፋንጎው ላይ የጻፈው ቃል

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር እሱ የሚነዳው ትራክተር ላይ መጻፍ ነበር። እኔ የቀለሙን ጣሳ ያዝኩ፤ እሱ ከጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ላይ ጻፈ። እኛ አገር ጨፋ ሮቢት ሹፌር ሁሉ የሚጽፈው አያጣም፤ ማሻአላህ ይላል፣ የእናቱን ስም ይጽፋል። የኔው ሰው ግን ትራክተር ካስተማረው ፊንላንዳዊ የሰማውን ቃል መረጠ፤ «ማታሎውስትራክቶሪ»።

«ቃል ነው ወይስ ገመድ?» አልኩት።

«ማአ መሬት ነው፣ ታሎ ቤት። ከቤት ‹ታሎውስ› ይወጣል፣ ቤት ማስተዳደር እንደማለት። መሬት ሲጨመርበት እርሻ ሆነ። ትራክቶሪው ከላቲን ነው፤ ጎታች።»

በማግስቱ መሬት የተወሰደባቸውን ገበሬዎች በተሳቢው ጭኖ ለአቤቱታ ከሚሴ አደረሳቸው። አመሻሽ ላይ ፖሊሶች መጥተው ሁለታችንንም ያዙን፤ ለየብቻ አሰሩን።

የኔ ክፍል ወለል እርጥብ ሲሚንቶ ነበር። መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ። አብራኝ የታሰረች የሰንበቴ ገበያ ጨው ነጋዴ፣ «ታኢ፣ ተቀመጪ እንጂ እህቴ! ግድግዳው እንደሆነ አይሸሽ» ትለኛለች።

ከቀናት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ።

«ትራክተሩ ላይ ያለው የድርጅታችሁ የምስጢር ስም ነው። ይህን ቃል የያዘው ወረቀት ላይ አሻራሽን አድርጊና ዛሬ ቤትሽ እደሪ።»

ባለቤቴ እንዳስረዳኝ አስረዳሁት። መሬት ስል ሳቀ።

«ይኸው! በአፍሽ አመጣሽው። ከመሬት ሌላ ምን ፖለቲካ አለ?»

«ቃሉን እኛ አልፈጠርነውም፣ ጌታው።»

የአሻራውን ቀለም ገፋልኝ። ጣቴን ብነክር በባለቤቴ ላይ እንደምመሰክር ገባኝ።

«መጻፍ እችላለሁ። እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

«ትርጉሙ የእርሻ ትራክተር ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን እስከ አያቴ አስፍሬ ፈረምኩ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን ቀደደው።

ስመለስ ጨው ነጋዴዋ፣ «ፈረምሽላቸው?» አለችኝ።

«ፈረምኩ፤ በራሴ ቃል።»

«ቢስሚላህ፣ እንግዲያ እንዙር» ብላ ተነሳች፤ አብራኝ ትመላለስ ጀመር።

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ሲፈቱኝ ባለቤቴ ሌላ ቦታ ተወስዶ መሞቱን ነገሩኝ። የት እንደተቀበረ ግን አልነገሩኝም።

ብዙ ዓመት ሆነ። ቦታውን ባውቅ ምናልባት ቁጭ እል ነበር። አሁን ሰኞ ሰኞ ከሚሴ እሄዳለሁ፤ የፖሊስ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ቆሜ መቃብሩ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።